በቀይ ስለጻፍሁት ምስጋና፣ በጥቁር ስለፈረምሁት ሐሰት

ለተከበሩ የቤት ኪራይ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ፣ ምድርን ያለ መሠረት ያጸና፣ የመበለቲቱን ዕንባ ሳይወድቅ የሚቆጥር ልዑል እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን፤ በእርሱም ስም ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተ ሰብዎ፣ የሚሽከረከረው ወንበርዎ፣ ከወንበርዎ ፊት ለፊት የሚሽከረከረው ማራገቢያዎ፣ ከደጅዎም ላይ ሳይሽከረከር ቆሞ የሚውለው ሰልፍዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በሥጋዬ ደኅና ነኝ፤ ስለ ነፍሴ ግን ወደ ኋላ ላይ እነግርዎታለሁ።

ከጽሕፈት ቤትዎ በስተጀርባ ባለው ቁልቁለት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ከራሴ መኖሪያ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት የምትከራይ ክፍል ያለችኝ ሽማግሌ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው፤ ከዚህም ውስጥ ስልሳውን ያህል ዓመት ቅዱሳት መጻሕፍትን በእጅ በመቅዳት፣ የቀረውን ደግሞ በእናንተ ወረፋ ላይ በመቆም አሳልፌዋለሁ ብል፣ ቁጥሩ ጥቂት ቢዛነፍም ስሜቱ አይዛነፍም። ከዚህ በፊት አራት ደብዳቤዎች በፖስታ አሽጌ ልኬልዎት ነበር፤ መልስ ያላገኘሁት ፖስታ መክፈት አድካሚ ሥራ ስለሆነ ይመስለኛል። ስለዚህ ክቡርነትዎን ከድካም ለማሳረፍ አምስተኛውን ተከፍቶ፣ በአደባባይ፣ ሰው ሁሉ አንብቦት እንዲደርስዎ አድርጌአለሁ።

ጉዳዬ አንድ ነው፤ እርሱም በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ፣ ከላይ በሦስተኛው መስመር የሰፈረው የአንዲት ልብስ ሰፊ ስም ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ የቀሩን ዐሥራ አምስት ቀናት ናቸው። ነገሩ ግን ከሥሩ ካልተነገረ ስለማይገባ፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በየተራ በቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ስለ አደራ አጠባበቅዎ አመሰግናለሁ። ቀድሞ ተከራይ ሲገባ የመያዣ ገንዘቡን ለአከራዩ ሰጥቶ፣ ሲወጣ ከዚያው ከአከራዩ እጅ ይቀበል እንደነበር፣ በዚህም መካከል የሚካካድና የሚቀማማ እንደማይጠፋ አልክድም። ጽሕፈት ቤትዎ ይህን አይቶ፣ ከእንግዲህ የመያዣውን ገንዘብ እኔ ዘንድ አስቀምጡ፣ ተከራዩ ሲለቅ ሁለታችሁም መጥታችሁ ትወስዳላችሁ ሲል እንደ አባት አሰበልን። ልብስ ሰፊዋ የዛሬ ስድስት ዓመት ክፍሌን ስትከራይ የሁለት ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ይዘን ወደ መስኮት ሦስት መጣን፤ አስረከብንም፤ አራት ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝም ተሰጠን። እንዲህ ያለ ያማረ ደረሰኝ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ሰዎች ደረሰኝ ሳይቀበሉ ቀርተው ይሆናል እንጂ፣ እኛስ ላማችን በሰማይ መሆኗን የሚያስረዳ ሕጋዊ ማስረጃ ነበረን።

ሁለተኛ፤ ስለ ተከራይዋና ስለ ሂሳባችን። ይህች ሴት ባሏ ከሞተ ወዲህ እጇን እንጂ የሰው ፊት አይታ የማታውቅ ሠራተኛ ናት። ከጥቁር ብረት የተሠራች፣ በእግር የምትረገጥ፣ ሁለት ጎልማሶች ካልተጋገዙ ከቦታዋ የማትነቃነቅ የስፌት መኪና አለቻት። ኪራይዋን ወር በገባ በሦስተኛው ቀን በወረቀት ጠቅልላ ለባለቤቴ ታቀብላት ነበር። ካቻምና የክፍሏ ጣሪያ ሲያፈስ እኔ ታምሜ ተኝቼ ስለነበር፣ በራሷ ገንዘብ ቆርቆሮ ገዝታ፣ ሠራተኛ ቀጥራ አስጠገነችው፤ ወጪውም የአንድ ወር ኪራይ ያህል ነበረ። ዘንድሮ ደግሞ የመኪናዋ መርፌ አውራ ጣቷን በጥፍሯ በኩል ዘልቆ ወጋትና ቁስሉ አመርቅዞ ሁለት ወር ከሥራ አገዳት፤ የእነዚያን የሁለት ወራት ኪራይ አልከፈለችም። እኔ አልጠየቅኋትም። እርሷ ግን ከማፈሯ የተነሣ፣ ኮቴዋን እንዳልሰማ በደጃፌ ስታልፍ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ትይዝ ነበር፤ ይህን ያየች ባለቤቴ አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ልጄ፣ ጫማሽን አድርጊ፤ ከዕዳው ብርዱ ይብስብሻል» አለቻት።

ጣቷ ሲድን በዋናው መንገድ ዳር፣ የጽሕፈት መሣሪያ በምትሸጥ ወይዘሮ ቤት ጎን፣ ይህችው ወይዘሮ የምታከራየው ባለ መስተዋት መስኮት ክፍል አገኘች። ለልብስ ሰፊ የመንገድ ዳር መስኮት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ክቡርነትዎ አይጠፋዎትም፤ የሰፋችው ልብስ ራሱ ደንበኛ ይጠራላታል፣ ከእንግዲህ በእኔ ቁልቁለት ሰው በስማ በለው እየጠየቀ አይመጣም። ለዚያ ክፍል የምትከፍለውም ከእናንተ ዘንድ ባለው የመያዣ ገንዘብ ላይ ያጠራቀመችውን ጨምራ ነበር። በምትወጣበት ዕለት እኔ የአልጋዋን አንድ እግር፣ እርሷ ሌላውን ይዘን በበሩ ደፍ ላይ ቆመን ሂሳባችንን ሠራን። የሁለት ወር ኪራይ አለባት፤ የጣሪያው አንዱን ወር ይመልስላታል፤ ከመያዣው እንግዲህ አንዱ ወር ለእኔ፣ አንዱ ወር ለእርሷ። አልጋውን ሳናስቀምጥ ጨረስነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለችኝ፤ አብሮ ይስጠን አልኋት። ጠባችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይህ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቅጽ ዐሥራ አንድ። በማግስቱ ሁለታችንም ተያይዘን ወደ መስኮት ሦስት ሄድን። ቅጹ «ተከራዩ ያልተከፈለ ኪራይ አለበት፣ የለበትም» ብሎ ይጠይቃል። እውነቱ ነበረባት፤ ስለዚህ «አለበት» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሳስበን ተስማምተናል፤ አንዱ ወር ለእኔ፣ አንዱ ወር ለእርሷ ይሰጥ» ብዬ በማያሻማ እጅ ጽሑፍ አሰፈርሁ፤ እርሷም ከሥሩ ፈረመች።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው፤ አልሸሽገውም። መጽሐፍ ቀጂ ሆኜ ስላደግሁ የፈጣሪን ስም በጥቁር ቀለም መጻፍ እጄ አይችልበትም። መምህሬ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጥቁሩ ቀለም ለእኛ ነገር ነው፣ ቀዩ ለስሙ ነው እያሉ፣ የተሳሳተውን ጣት በአርጩሜ እየነኩ አሳድገውኛል። ስለዚህ በኪሴ ዘወትር ሁለት እስክሪብቶ ይኖራል። በዚያም ቀን ሳላስበው ቀዩን አውጥቼ ስሙን በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር ጻፍሁ። በእናንተ ዘንድ ለካ ቀይ ቀለም ለመርማሪ ብቻ የተፈቀደ፣ «በዚህ መዝገብ ላይ ክርክር አለ» የሚል ምልክት ኖሯል። የመስኮት ሦስቷ ጸሐፊ ቀዩን እንዳየች፣ ጽሑፉን በማንበብ ጊዜ ሳታጠፋ፣ ቅጻችንን ወደ ክርክር መደርደሪያ አሳለፈችው። ምስጋናዬን አይታ ክስ ነው አለች። ተመልሰን ለማስረዳት ስንሞክር ደግሞ ወደ መደርደሪያው የገባ መዝገብ በውሳኔ እንጂ በልመና እንደማይወጣ በትሕትና ነገረችን። ስሙን የሚጠራ ሰው ሁሉ በዚህ ጽሕፈት ቤት እንደ ተከራካሪ እንደሚቆጠር ቀድሜ ባውቅ ኖሮ፣ በልቤ አመስግኜ ወረቀቱን ባዶ በተውሁት።

አራተኛ፤ ስለ እሽጉ። በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪዎ ወደ ቤቴ መጣ። አልጋዋና ሣጥኗ ወጥተዋል፤ የስፌት መኪናዋ ግን የሚሸከሟት ሰዎች እስኪገኙ በክፍሉ መካከል ብቻዋን ቆማለች። ተቆጣጣሪው ደንቡን አውጥቶ አነበበልን፤ ክርክር በተነሣበት ክፍል ውስጥ የሚገኝ ንብረት ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ ባለበት ይቆያል ይላል። እኔም ይህን ኃይለ ቃል እንደ ትምህርቴ በአንድምታ ልፈታለት ሞከርሁ። አንድም፣ ክርክር ከሌለ የሚታሸግ ክፍል የለም ሲል ነው፤ አንድም፣ ንብረት ያለው ጌጥን ነው እንጂ ሰው እንጀራ የሚበላበትን መሣሪያ አይደለም ሲል ነው፤ አንድም፣ ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ሸሚዙን ማን እንደሰፋለት ጠይቆ አያውቅም ሲል ነው። ሦስተኛውን ሲሰማ ሳቀ፤ እየሳቀም ማኅተም ያለበትን ወረቀት በበሩና በመቃኑ ላይ በሙጫ ለጠፈው። ሙጫው ግሩም ነበር። ስለ ሙጫው ጥራት ለግዥ ክፍልዎ ልዩ ምስጋናዬ ይድረስልኝ።

ለአዲሱ ክፍል የምትከፍለው የመያዣ ገንዘብ ስላልተለቀቀላት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ ከታላቅ እኅቷ ቤት ኮሪደር ላይ ፍራሽ አንጥፋ፣ ያን የዳነ ጣቷን ይዛ በእጅ ትሰፋ ጀመር። የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ልትሰፋ ተዋውላ ነበር፤ መቶ ሃያ ልብስ በእጅ እንደማይደርስ ያወቀው ትምህርት ቤት ጨርቁን ጭኖ ለሌላ ወሰደው። እኔ ደግሞ በማለዳ ለጸሎት ስቆም፣ ከግድግዳው ወዲያ ያች መኪና ዝም ብላ መቆሟ ከጩኸቷ ይልቅ ይረብሸኝ ጀመር።

አምስተኛ፤ ስለ አስታራቂዎቹ። በኀምሳኛው ቀን የጽሕፈት ቤትዎ ሦስት አስታራቂዎች ፊት ቀረብን። ሰብሳቢው ጠባችንን እንድናስረዳ ጋበዙን። የለንም አልሁ፤ የለንም አለች። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «አባቴ፣ ያልተጣላን ሰው እንዴት አድርገን እናስታርቅ?» አሉኝ። በቀኛቸው የተቀመጡት፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበሩ ደግ ሴት፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳይኮራረፉ ግድግዳ የተጋሩ ሰዎች እንደሌሉ ነግረውን፣ ትንሽም ብትሆን ፈልገን እንድናመጣ ለመኑን። ጠብ ካለ ውሳኔ አለ፣ ውሳኔ ካለ መዝገቡ ይዘጋል፤ እርሳቸውም ሊረዱን ፈልገው እንጂ ለክፋት አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ ዞር ብላ ይቅርታ ከጠየቀችኝ በኋላ፣ አባባ ጎህ ሳይቀድ ሲጸልዩ ድምፃቸው ጣሪያ ይነካል አለች፤ ወዲያውም ጠቡ እንዳይከብድብኝ ሰግታ፣ በዚህ ምክንያት ለማንቂያ ሰዓት አንድም ገንዘብ አላወጣሁም ስትል ጨመረችበት። እኔም ውለታዋን ለመመለስ፣ የመኪናዋ ትርክክታ ከጸሎቴ መካከል እየገባ ሁለት ጊዜ ያህል ምዕራፍ እንዳሳተኝ መሰከርሁ። የአስታራቂዎቹ ጸሐፊ ደስ ብሎት ጻፈ። ሰብሳቢው አነበቡት፤ ከዚያም በረጅሙ ተንፍሰው፣ የድምፅ አቤቱታ የሚታየው በሌላ ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ነግረውን፣ የተሻለ ጠብ ይዘን እንድንመጣ ለዐርባ ቀን ቀጠሩን። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሰው ሲታረቅ አይቻለሁ፤ አስታራቂ ፊት ቀርቦ ስላልተጣላ የተቀጠረ ሰው ግን ከእኔና ከተከራዬ በቀር አላየሁም።

ስድስተኛውን ቁጥር ስጽፍ እጄ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ይህ ቅሬታ በእናንተ ላይ አይደለም።

በቀጠሮው ዋዜማ ልብስ ሰፊዋ መጥታ በደጃፌ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። የመስኮት ሦስቷ ጸሐፊ አዝናላት መንገዱን በጆሮዋ ነግራት ነበር። አከራዩ ተከራይዋ ክፍሉን አበላሽታለች፣ ኪራይም ይዛ ልትጠፋ ነበር ብሎ ቢከስስና ተከራይዋ ብታምን፣ መዝገቡ በዚያው ዕለት ይዘጋል፤ እሽጉ ይነሣል፤ የመያዣው ገንዘብ ለአከራዩ ይሰጣል፤ አከራዩ ከፈለገ ደጅ ወጥቶ ለተከራይዋ ቢሰጣት የሚያየው የለም። እኔ እንቢ አልሁ። ሐሰት በአንደበት ሲወጣ ጢስ ነው፣ በቀለም ሲጻፍ ግን ድንጋይ ነው ብለው ያሳደጉኝን መምህሬን ጠቀስሁላት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ።

«አባባ፣ ይክሰሱኝ። እኔ አልቀየምዎትም። መኪናዬ ትውጣልኝ እንጂ ስም ምን ያደርግልኛል?»

ስም ከመቃብር በላይ እንደሚውል የማውቅ ሽማግሌ ነበርሁ፤ ግን የታሸገ በር ከፊቴ ነበረ፣ የተቀመጠችበትም ደረጃ ቀዝቃዛ ነበረ፤ እሺ አልኋት።

ስለዚህ በአደባባይ እዘረዝረዋለሁ። ግድግዳዬን በዘጠኝ ሚስማር አበላሽታለች ብዬ ከሰስሁ፤ ሚስማሮቹን የመታሁት እኔ ነኝ፣ የጨረሰችውን ልብስ የምትሰቅልበት እንዲሆናት። ያለ ማስታወቂያ ልትወጣ ነበር አልሁ፤ ከወር በፊት ነግራናለች፣ ባለቤቴም በሐዘን ሁለት ቀን አኩርፋት ነበር፤ ይህንን ጠብ ለአስታራቂዎቹ መንገር ዘንግተን ነው። ኪራዬን ይዛ ልትጠፋ ነበር አልሁ፤ ዕዳዋን ከእኔ በፊት ያነሣችው እርሷ ናት። ይህን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ቀለም ጻፍሁ፤ ፈረምሁ፤ እርሷም «አምናለሁ» በሚለው ላይ ፈረመች። እውነታችን ዘጠና ቀን የተኛበትን ጽሕፈት ቤት ሐሰታችን በሁለት ሰዓት ተኩል አቋርጦት ወጣ። ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ ለማለት ብዕሬን አነሣሁና፣ ከፍጥነታችሁ የተጠቀምሁት እኔ ስለሆንሁ ተውሁት።

ገንዘቡን ተቀብዬ ከደረጃችሁ ሳንወርድ ሙሉውን በእጇ አኖርሁት። የእርስዎ ወር አለበት ብላ ልትመልስልኝ ስትል፣ ለፈረምሁት ሐሰት ዋጋ አልቀበልም አልኋት። በሩ ተከፈተ። ሁለት ጎልማሶች መኪናዋን ተሸክመው ቁልቁለቱን ሽቅብ ወጡ፤ እርሷም የመኪናዋን መክደኛ ታቅፋ ከኋላ ከኋላቸው ትሄድ ነበር። ባለቤቴ ግን ስመለስ ከወንበሯ ሳትነሣ ጠበቀችኝ። የሆነውን ነገርኋት፤ የመስኮት ሦስቷ ጸሐፊ ያመጣችው ምክር እንደሆነም ጨመርሁ።

«አምላክ ሲጠይቅህ፣ ያች የመስኮት ሦስቷ ሴት አዝዛኝ ነው ልትለው ነው?» አለችኝ። «አዳምም ይችኑ ብሎ ነበር፤ የት እንዳደረሰችው መቼም ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ከዚያን ቀን ወዲህም ቀዩን እስክሪብቶ አላነሣሁትም፤ ሐሰት በፈረመ እጅ ስሙን መጻፍ ፈርቼ የጀመርሁት ቅጂ ከመካከሉ ቆሟል፤ በዚህ ደብዳቤ እንኳ ስሙ የሚገባበትን ቦታ ባዶ ስተው ባለቤቴ ናት የሞላችልኝ። በጸሎቴም በደላችንን ይቅር በለን ከሚለው ስደርስ አንደበቴ ይያዛል፤ ምክንያቱም በደሉ አለፈ ተብሎ የሚተው ሳይሆን፣ ዕለት ዕለት በሰሌዳችሁ ላይ የሚነበብ ነው።

ስለ ሰሌዳው ጸሐፊዋ አልነገረችንም ነበር፤ እርሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ያመነ ተከራይ ስሙ «እምነት ያጎደሉ ተከራዮች» በሚል ርእስ ሥር ለሁለት ዓመት እንደሚሰቀል ያወቅነው፣ የስፌት መኪናዋ በመንገድ ዳሩ ክፍል በራፍ ላይ ከወረደች በኋላ ነው። የጽሕፈት መሣሪያ ሻጯ ወይዘሮ ከእናንተ ደጅ ሰሌዳውን አይታ ተመልሳ፣ እጆቿን እያሻሸች ነበር የጠበቀቻት። ክፉ ሴት አይደለችም። ስሟ ከሰሌዳው ከወረደ በሩ ክፍት መሆኑን፣ እስከ ወሩ መጨረሻም ለሌላ እንደማትሰጠው ነግራታለች፤ ከዚያ በላይ ግን እኔም የማሳድጋቸው አሉኝ አለቻት። ሌሎች አራት ቤቶች ሞከረች፤ ሦስቱ ሰሌዳውን አይተዋል፣ አራተኛው የሦስት እጥፍ መያዣ ጠየቃት። ወደ እኔ ክፍል እንዳልመልሳትም፣ ከሰሌዳው ላይ ያለን ሰው ያከራየ ፈቃዱን ያጣል የሚለው ደንባችሁ አለ፤ ብጠይቃትም በእኔ ምክንያት እርስዎ ተጨማሪ አይጎዱም ብላ እንቢ አለችኝ። መኪናዋ ዛሬ በእኅቷ በረንዳ ላይ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። ዝናብ ሲያካፋ እኅትየዋ የላስቲኩን ጫፍ በድንጋይ ትይዘዋለች፤ መርገጫው ላይ ዝገት መጀመሩን ባለፈው ሳምንት በዐይኔ አይቻለሁ። ስሄድ የምታጽናናኝ እርሷ ናት። አባባ፣ ያልፋል ትለኛለች። ክቡርነትዎ፣ የበደሉት ሰው ሲያጽናናዎት ምን እንደሚመስል ካላወቁት፣ እግዚአብሔር አያሳይዎት።

ሐሰቴን ለማንሣት ወደ መስኮት ሦስት ተመልሼ ነበር። ያሸነፈ ይግባኝ አይልም ተባልሁ። የተሸነፈችው ትጠይቅ ብዬ እርሷን ይዤ መጣሁ፤ ያመነች ይግባኝ አትልም ተባለች። ደንቡ እንከን የለውም፤ አጥር ቢሆን ኖሮ ድመት አያሾልክም ነበር። ስለዚህ ዘጠኝ ማለዳ ያህል ከሰሌዳው ሥር እየቆምሁ፣ ለሚያነብ ሁሉ ሦስተኛው መስመር ሐሰት መሆኑን፣ ሐሰተኛውም እኔ መሆኔን ስናገር ቆየሁ። አንዳንዱ ሰማኝ፤ አንዳንዱ ራሴን የተነካሁ መስሎት ሳንቲም ሰጠኝ። በዐሥረኛው ቀን የጥበቃ ሠራተኛችሁ መጥቶ፣ «አባቴ፣ ሰሌዳው የተሰቀለው እንዲነበብ ነው እንጂ እንዲተረጎም አይደለም» አለኝ፤ ትእዛዝ ስለሆነበት እንጂ ክፉ ሰው ስላልሆነ፣ ከአጥሩ ውጭ ካደረሰኝ በኋላ የምቀመጥበት ወንበር አመጣልኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ ያለ ቅጽ የተሰጠኝ ብቸኛ ነገር ይህ ወንበር ነው።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ያቺን ሴት ስም ከወሩ መጨረሻ በፊት ያውርዱላት። አሠራሩ ሰሌዳውን ባዶ መስመር ይዞ እንዲቆም የማይፈቅድ ከሆነ፣ በሦስተኛው መስመር የእኔን ስም ይጻፉበት፤ ፊደል እንዳይሳሳት መጥቼ በገዛ እጄ ልጽፈው ዝግጁ ነኝ። ርእሱን መቀየርም አያስፈልግም፤ እምነት አጉድያለሁና ይስማማኛል፣ ተከራይ አለመሆኔም አያስቸግርዎ፤ በዚህ ዓለም ሁላችንም ተከራዮች ነን፣ የቤቱ ባለቤት ልቀቁ ያለን ዕለት ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ ያን ጊዜ ይታያል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ እስከ ዛሬ ዐድሬም አልጠራም፣ ምናልባት የእናንተን ማኅተም እየጠበቀ ይሆናል።

ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ ዕድሜዎን ያርዝም፤ የልጆችዎን መውጫና መግቢያ ይጠብቅ፤ በቤትዎ ጣሪያ ሥር ፍሳሽ፣ በበርዎ ላይ እሽግ፣ በስምዎ ላይ ሐሰት አያሳርፍ። ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ሁሉ፣ አከራዮችም ተከራዮችም፣ ግድግዳ የተጋራችሁት ጎረቤት ሰላማችሁ ይሁን፤ ቤታችሁን ይባርክ፤ ሂሳባችሁ ሁሉ በበሩ ደፍ ላይ የሚያልቅ ይሁን። አሜን።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ የመስኮት ሦስት ደንበኛ፣
በማያውቀው ጠብ የረታ፣ በመርታቱም የተዋረደ፣
ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው የአንዲት ባዶ ክፍል ባለቤት

ዳግመኛ ማስታወሻ፤ ይህን ጉዳይ በሥርዓቱ ለማቅረብ ፈልጌ ስጠይቅ፣ «ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ፈርሜአለሁ» የሚል ቅጽ በጽሕፈት ቤቱ እንደሌለ ተነገረኝ። የጎደለውን ለመሙላት ያህል አንድ ራሴ አዘጋጅቼ ከዚህ ጋር አባሪ አድርጌአለሁ፤ ወደፊትም ሌላ ሰው ሊያስፈልገው ስለሚችል ቢያባዙት ፈቃዴ ነው። ከግርጌው ሁለት የፊርማ ቦታ አለው። አንዱ ላይ ፈርሜአለሁ፤ ሌላውን ለክቡርነትዎ በንጽሕና ጠብቄዋለሁ።